ከበረንዳችን የታየው እጅ

ካቆምኩበት ከመቀጠሌ በፊት፣ ዛሬ ገና አጠገባችን ለተቀመጠ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ጠቅለል ላድርግለት። ፍልፍል የልጄ ልጅ ናት። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተችባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ነገር ሁሉ ካልፈለፈልኩ ስለምትል ነው ፍልፍል ያልናት። ይኸው ዛሬ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሆና፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ብትውልም ስሟ አልለቀቃትም። አባቷ፣ ሐኪሙ ልጄ፣ እዚያው ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ነው። ሦስታችን አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እኔ አራተኛ ፎቅ አልወድም። ሰው በረንዳው ላይ በወጣ ቁጥር «ግቡ፣ ግቡ» እላለሁ።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት ብርሃን ናት። ፍልፍል ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ሰማይ ላይ የማትርገበገብ ነገር አየች።

«እማዬ፣ ሌሎቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ይቺ ለምን ዝም አለች?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ይልቅ ግቢ፣ ይበርድሻል።»

አባቷን ጠየቀች። «ኮከብ ነዋ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። እሷ ግን አልተኛላትም። «ቀኑን ሙሉ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ሳይ እውላለሁ፤ እስቲ ደግሞ ትልቁን ልየው» አለችና ቴሌስኮፕ እገዛለሁ ብላ ተነሳች።

ከሠፈራችን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ የንባብ መነጽሬን የማስጠግንበት ሱቅ አለ። መስኮቱ ላይ ቀይ ቴሌስኮፕ ቆሟል፤ ሳጥኑ ላይ «600 እጥፍ ያጎላል!» ተብሎ በደማቅ ተጽፎበታል። እኔ አብሬያት የሄድኩት ፀሐይን በዚህ ነገር ያየ ሰው ዓይኑ ይጠፋል ሲባል ሰምቼ፣ ባለሙያው በራሱ አፍ እንዲያስጠነቅቃት ነው። ባለሙያው ከጓዳ ወጣ። ሌንስ የሚስል ጎልማሳ ነው፤ ጣቶቹ በመሳያው ዱቄት ነጥተዋል።

«ያንን ቀዩን ስጠኝ» አለችው።

«ይቅርታ፣ እሱን አልሸጥልዎትም።»

«ለሌላ ሰው ተይዟል?»

«አልተያዘም። አይጠቅምዎትም።»

ፍልፍል ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «የሚጠቅመኝን የምታውቅልኝ አንተ ማን ሆነህ ነው? ሴት ስለሆንኩ ነው ወይስ የምከፍል አልመሰለህም?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለና ቀዩን አውርዶ ባንኮኒው ላይ አቆመው። ከዚያ አንዱን እግሩን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። ዕቃው ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። «ይመልከቱ። ይቺ መንቀጥቀጥ ስድስት መቶ ጊዜ ስትጎላ ያስቡት። የሚያዩት ጨረቃን ሳይሆን ፌንጣ ነው። ደግሞ ማጉላት ብቻውን ምንም አይደለም። ዋናው ይሄ ነው፣ ብርሃን የሚገባበት አፍ። አፉ ጠባብ ከሆነ ያጎላሉ፣ ያጎላሉ፣ የሚያጎሉት ጭጋግ ነው።»

«እንደ ጎረቤት ወሬ በለኛ» አልኩ ሳላስበው። «ትንሽ አይቶ ብዙ ማጉላት።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ይህን ከገዙ ሦስት ምሽት ያዩበታል፤ በአራተኛው አልጋ ሥር ይገባል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገንዘብ ይተካል። እኔ ያዘንኩት ለጉጉትዎ ነው። እሱ አንዴ ካኮረፈ መመለሱን እንጃ።»

የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ሆኖ በኃይል ሳለ። የሚሸጥ ዕቃ ሲነቀፍበት የሚስላት ሳል መሆኗ ያስታውቃል። ሌንሰኛው ቶሎ ብሎ ከመሳቢያ ማንገቻው በክር የተሰፋ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አሮጌ አቅርብ መነጽር አወጣ።

«የራሴ ነው። ለአንድ ወር ይውሰዱት። መጀመሪያ ሰማዩን በዚህ ይልመዱት። መንገድ ሳያውቁ መኪና አይገዛም።»

ወጣን። ፍልፍል እስከ ቤታችን በር ድረስ «ደፋር! ባለጌ! አስተማሪ ቀጥሬያለሁ እንዴ?» ስትል ነበር። ነገር ግን መነጽሩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋው ነበርና ስጋቴ ከዚያች ሰዓት ጀመረ።

* * *

ከጥቂት ቀናት በኋላ አመሻሽ ላይ ከበረንዳው ጠራችኝ። «እማዬ፣ በሞቴ ነይ እዪ!» ግድግዳውን ተደግፌ፣ ወደ ታች ላለማየት እየጣርኩ፣ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

«ውይ! ጨረቃን ምን ነካት? ፈንጣጣ ወጥቶባታል!»

ፍልፍል ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጉድጓድ ነው አለችኝ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌለ ጉድጓዱ ይጠፋል፤ ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ተራራው ሁሉ ጥላውን ጥሎ ይታያል። ይህን ከየት እንዳመጣችው ወዲያው ገባኝ።

የሱቁ ባለቤት በሥራ ሰዓት ወሬ ስለማይወድ ፍልፍል ጥያቄዋን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ በመነጽሩ ማኅደር ውስጥ ትከታለች። «ማንገቻው ላልቷል» ትልና ለሌንሰኛው ትሰጠዋለች። በማግስቱ ማንገቻው እንደላላ፣ መልሱ ግን ተጽፎ ይመለሳል። አነበብሽው አትበሉኝ፤ አነበብኩት። ማኅደሩን የማጸዳው እኔ ነኝ። አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ያቺ የማትርገበገበው ጁፒተር ናት፤ ፕላኔት ናት። ኮከቦች እጅግ ሩቅ ስለሆኑ እንደ ነጥብ ነው የሚታዩን፤ አየሩ ሲናወጥ ነጥቧ ትርገበገባለች። ጁፒተር ግን ለእኛ ቀረብ ስለምትል ትንሽ ክብ ናት፤ አየር በቀላሉ አያናውጣትም። ክንድዎን ግድግዳ አስደግፈው ይዩ። አጠገቧ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ያገኛሉ፤ ጨረቃዎቿ ናቸው። ነገ ቦታ ቀይረው ይጠብቁዎታል።»

በአምስተኛው ወረቀት «እርስዎ» «አንቺ» ሆነ። በዘጠነኛው ስለ ሰማይ አንድም ቃል አልነበረበትም። «ትናንት ሱቅ መጥተሽ ሳታናግሪኝ የሄድሽው ባለቤቱን ፈርተሽ ነው ወይስ እኔን?» ይላል። ወረቀቱን መልሼ አጣጠፍኩት።

ወሬው ሐኪሙ ልጄ ጆሮ መድረሱን ያወቅነው እራት ላይ ነው።

«ከመነጽር ጠራጊ ጋር ወረቀት ትለዋወጫለሽ አሉኝ።»

«ሌንስ የሚስል ባለሙያ ነው አባዬ። አንተ የምትለብሰውን መነጽር የሳለው እሱ ነው።»

«ቢሆንስ? ጫማዬን የሰፋውንም ቤት አላስገባሁትም።» ቀስ ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። «የባልደረባዬ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ሐኪም ነው። አንድ ቋንቋ ትናገራላችሁ። ሌላ አልፈልግም፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ ብቻ።»

ፍልፍል ለአባቷ መልስ አጥታ አታውቅም። ያን ማታ ግን ሳህኗን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ሳህኔን ይዤ ተከተልኳት።

* * *

ወሩ ሲሞላ ሌንሰኛው ቴሌስኮፕ አገኘላት። ጡረታ ከወጣ መምህር የተገዛ፣ ግራጫ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ አጭርና ደንዳና። ከቀዩ ጋር ሲተያይ ሙሽራና አጃቢ ይመስላሉ። ነገር ግን አፉ የመዳፌን ያህል ሰፊ ነው፤ እግሩም ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። ሌንሱን ራሱ አጽድቶ፣ ልጄ ተረኛ በሆነበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራቱን ፎቅ ተሸክሞት ወጣ።

«ፀሐይን ለአንድ አፍታም ቢሆን በዚህ አታይም» አለ ገና ላቡን ሳይጠርግ።

«ተባረክ!» አልኩ። «ደግመህ ንገራት።»

ደግሞ ነገራት። ቀጥሎ፣ ከትልቁ ቱቦ ጎን ያለችውን ትንሽ ማነጣጠሪያ በቀን ብርሃን፣ ሩቅና የማይነቃነቅ ነገር ላይ አድርጎ ከትልቁ ጋር ማስማማት እንዴት እንደሆነ አሳያት። ከኋላ ክርን የመሰለች ቁራጭ ገጠመ። «ይቺ ብርሃኑን በመስተዋት ታጥፈዋለች፤ አንገትሽን እንዳያምሽ። ቀኝና ግራን ትቀያይራለች እንጂ ሌላ ጥፋት የለባትም። ሰማይ ላይ ደግሞ ማን ግድ ይለዋል?» እኔ ያን ሰዓት በረንዳው የሦስት ሰውና የአንድ ቴሌስኮፕ ክብደት ይችል እንደሆን እያሰላሁ ስለነበር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

የምስል ማጥሪያውን ብሎን ስታዞር ጣቷ ጣቱ ላይ አረፈ። ሁለቱም አላነሱትም። ሩቅ ያለው ነገር ጥርት ሳይል አልቀረም፤ እነሱ ግን አያዩትም ነበር። እኔ ሳልኩ። የሱቁ ባለቤት ሳል ለምን እንደምትጠቅም ያን ቀን ገባኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ፍልፍል ማነጣጠሪያዋን ልታስማማ ብቻዋን ወጣች። ከሁለት መቶ እርምጃ ማዶ ባለ ስድስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ አለ፤ ጣሪያው ላይ አንዲት ክፍልና አንድ የውኃ ታንከር። በዚያች ክፍል የሚኖረው ሌንሰኛው ነው። «ታንከሩ ሩቅና የማይነቃነቅ ስለሆነ ነው» አለችኝ። እኔም ዕድሜዬን በከንቱ አልኖርኩም።

ውኃ ልትጠጣ ስትገባ አቧራውን ልጠርግ ጎንበስ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አቧራ አልነበረውም። ዓይኔን ሳስጠጋ ሰውየው እዚያ አለ! የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሲያሰጣ፣ አምስት እርምጃ የማይሞላ ርቀት ላይ የቆመ ያህል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እጁን አነሳ። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ላይ ወርቅ ብልጭ አለ።

ክው አልኩ። ሱቅ ውስጥ ቀለበት አይቼበት አላውቅም።

«ምነው እማዬ? ፊትሽ ምን ሆነ?»

አንዳንድ ነገር ሲውጡት ይሻላል፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ልጄ፣ ሰውየው ባለትዳር ነው። በዓይኔ አየሁ።»

ጎንበስ አለች። ለረጅም ጊዜ አየች።

«ግራ እጁ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት እንደምታነብ ሁሉ። «ሱቅ ሲመጣ ያወልቀዋል ማለት ነው።»

እኔስ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። ይኼን ነው የምፈራው አልኩ፤ እናትሽ ብትኖር አልኩ፤ ወንድ ሲጣፍጥ አልኩ። ስትሰማኝ ቆየችና ቴሌስኮፑን በአንሶላ ሸፈነችው። ሬሳ ሲሸፈን እንጂ ዕቃ ሲሸፈን እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም።

* * *

አቅርብ መነጽሩን መለሰችለት። ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ እግሬን አልጎተትኩም። ውስጡ ሁለት መስመር ነበረበት፦ «መነጽርህን መልሻለሁ። ምክንያቱን አንተው ታውቀዋለህ።»

መልሱ በማግስቱ በበሩ ሥር ገባ።

«ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር። እኔው ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ደስታዬ አፌን ያዘው። ይቅር በይኝ። በሌላ ከተማ ሌንስ የሚሠራ ድርጅት ለስድስት ወር ጠርቶኝ ሳመነታ ነበር፤ አሁን እሺ ብያለሁ። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። ቴሌስኮፑን አትመልሽው።»

«አመነ» አለች። ይህን አንድ ቃል ብቻ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን እንዴት ልግለጽላችሁ? አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ አባብላት ነበር። መጠየቅ ነው ያቆመችው። ሰማዩ ቀልቶ «ለምን?» አትልም። እንጀራ አባት እንዳለባት ልጅ በልታ ትነሳለች። አባቷ «የባልደረባዬ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ለምሳ ይመጣል» ሲላት፣ «እንደፈለግክ አባዬ» አለችው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ያቺን ቃል ከአፏ ሰምቻት አላውቅም። ልጄ ደስ አለው። እኔን ግን ከአራተኛ ፎቅ ይልቅ ያቺ ቃል አስፈራችኝ።

* * *

ሰውየው ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ፍልፍል ተረኛ ሆና ሆስፒታል ነበረች። እኔ በረንዳው ላይ አንድ ነገር ይበላኛል። ሚስቱ ምን ትመስል ይሆን? እንዲህ ያለውን ሰው አግብታ ሸሚዙን እሱ የሚያሰጣው ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው? አንሶላውን ገለጥኩ።

ገመዱ ላይ ሦስት ሸሚዝና አንድ ፎጣ አለ። ቀሚስ የለም። መስኮቱ ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ሴት የነካችው ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ልነሳ ስል ክርኔ ቱቦውን መታውና ወደ ታች ዞረ። መንገዱ ላይ ያለው የዳቦ ቤት ሰሌዳ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ያነበብኩት ሰሌዳ! አሁን ግን አልነበብ አለኝ። ፊደሉ ፊቱን አዙሯል፤ «ቤት» መጀመሪያ፣ «ዳቦ» መጨረሻ ሆኗል፤ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ጽሕፈት። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ደግሜ አየሁ። ያው ነው። አንድ ሰው ዘንቢል በግራው ይዞ ሲያልፍ አየሁና ቶሎ ብዬ ቀና አልኩ። በባዶ ዓይኔ ዘንቢሉ በቀኙ ነው።

ያን ጊዜ ክርን የመሰለችውን ቁራጭ አየኋት። በአንድ ጆሮዬ የገባው ነገር እንደወጣ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣም ኖሯል።

ወደ ፍልፍል ክፍል ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ደብተሯን ገለጥኩ። ሁለት ግማሽ ጨረቃ በእርሳስ ሥላለች፤ አንዷ በአቅርብ መነጽሩ የታየች፣ አንዷ በቴሌስኮፑ፤ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ጀርባ ለጀርባ ዞረዋል። ከሥር በራሷ እጅ «በቴሌስኮፑ ቀኝና ግራ ይቀያየራል» ብላ ጽፋለች። የኔ ምስኪን! በጨረቃ ያወቀችውን በሰው ረሳችው። እንድትረሳ ያጣደፍኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት እኔን ነው።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀለበቱ እንግዲህ ያለው በቀኙ ነው፤ የቀኝ እጅ ቀለበት ግን ሚስት የለኝም ማለት አይደለም። አለኝ ማለትም አይደለም። መጠየቅ ነው ያለበት። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖርኩ እንጂ ስጠይቅ አልኖርኩም። ነጠላ ጫማዬን ቀየርኩና ወጣሁ።

* * *

ስድስት ፎቅ፣ ያለ ሊፍት፣ በእኔ ጉልበት። በየፎቁ እያረፍኩ ጣሪያው ላይ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ሻንጣው ወለሉ ላይ ተዘግቶ ቆሟል። ሲያየኝ ደነገጠና ደግፎ አስገባኝ።

«እማማ! ምን ሆኑ? እሷ ደህና ናት?»

እጁን ያዝኩት። ቀለበቷ አለች፤ በቀኙ።

«የማን ናት ይቺ?»

«የእናቴ። ስትሞት ሰጠችኝ። ቤት ሳለሁ ነው የማደርጋት፤ ሥራ ላይ ሌንስ ትጭራለች።»

«ሚስትህስ?»

«የቷ ሚስቴ?»

ፊቱን አየሁት። ሐሰት የሌለበት ሰው ግራ ሲገባው እንዴት እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ውኃ ሆንኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አቧራውን፣ ሸሚዙን፣ ክርኗን፣ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሞተ።

«እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ ያልኳት ስለ አባቷ ነበር። ለእሷ እንደማልመጥን ከመጀመሪያው አውቃለሁ፣ ማለቴ ነው። እሷ ታዲያ...» ቀለበቷን በጣቱ አዞራት። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው እመስላታለሁ?»

«በእኔ ዓይን ነው ያመነችው። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ካላመነች ማንን ትመን? ተነስ እንሂድ።»

«አይ እማማ። ሚስት ባይኖረኝም አባቷ አሉ። በሽታው ሌላ፣ ሞቱ አንድ። እዚሁ ይብቃ።»

እኔ መለመን አልችልበትም። ሄድኩና ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ካልመጣህ አልነሳም። ነገ ጠዋት ሻንጣህን ከነአሮጊቷ ጫነው።»

«ውስጡ የሚሰበር ዕቃ አለ!»

«እኔም ውስጤ የሚሰበር አለ» አልኩት። ይህን ስል እንባዬ እንደሚመጣ አላወቅሁም ነበር። «ልጅቷ መጠየቅ አቆመች። ለጉጉቷ አዝናለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?»

ጫማውን አጠለቀ።

* * *

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ደረጃችን ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ትንፋሼን ስሰበስብ ከታች የፍልፍል ጫማ ተሰማ። ወጣች። አየችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወደ ክንዷ አወረደች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «የቴሌስኮፑ ክርን ቀኝና ግራን ትቀያይራለች ልጄ። ጨረቃን ታስታውሻለሽ?»

ፍልፍል ዓይኗ እሱ ላይ ነው። በዝግታ ሁለት ደረጃ ወጣችና «እጅህን አምጣ» አለችው። ሁለቱንም ዘረጋ። ያዘቻቸው፤ አገላበጠቻቸው፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ መዳፉን፣ ጀርባውን፤ የላቦራቶሪ ልጅ ናትና አንዴ አይታ አታምንም። ግራው ባዶ ነው።

«ይሄኛው ለምን ባዶ ሆነ?» አለች።

ጠየቀች! ከስንት ቀን በኋላ ጠየቀች።

«ቦታው የሰው ነው» አላት። «እሷ እስክትመጣ ነው ባዶ የሆነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ያላለቀሰችበትን ቀን ሁሉ አንድ ላይ፣ እጆቹን ሳትለቅ። እሱም «አምነሽ ነበር?» አላት፤ እሷም «በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ፤ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ» አለችው። ነገሩ ቁጣም ይቅርታም ነበረበት፤ እነሱም የትኛው እንደሆነ የለዩ አይመስለኝም።

ከላይ በር ተከፈተ። ሐኪሙ ልጄ ድምፅ ሰምቶ በሸሚዙ ወጥቷል። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወደ ታች አየን።

«ምንድን ነው ይሄ? ደረጃ ላይ ምን እያደረግሽ ነው?»

ፍልፍል እንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«እጁን እያየሁ ነው አባዬ።»

«የማንን እጅ?»

«የምወደውን ሰው። የፊታችን እሑድ ለምሳ የሚመጣውን እንግዳ አንተ ተቀበለው፤ እኔ አልኖርም።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ የልጅነቱን ፊት መሰለ፤ ሲከፋው እኔን ነበር የሚፈልገው። ሁልጊዜ በአባትና በልጅ መሃል እንደ ትራስ ነበርኩ፤ ትራስ ደግሞ አይናገርም።

«ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ስድስት ፎቅ ወጥቼ። ደግሞ ቢያስፈልግ እወጣለሁ።»

ልጄ የሌንሰኛውን እጅ አየ፤ በዱቄት የነጣውን፣ ጣት በጣት፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሰው ብቻ እጅን እንደሚያየው። ምን እንዳየበት እስካሁን አልነገረኝም። ከዚያ ዞሮ ገባ። በሩን ሲዘጋ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ፤ አልተዘጋም።

«ነገ እሄዳለሁ» አላት ሰውየው በለሆሳስ። «ቃል ሰጥቻለሁ። ስድስት ወር ነው።»

«ሂድ» አለችው። «በየቀኑ የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ ወረቀት በደንብ ያዝ።» ስትስቅ ድምፅዋ ገና እንባ እንባ ይላል።

እኔ መደገፊያውን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ጀመርኩ፤ ከኋላዬ ያሉትን ሳላይ። ይበርዳቸው ይሆን? ጎረቤት ያያቸው ይሆን? ልጄ ውስጥ ምን እያሰበ ይሆን? ስጋቱ ሁሉ ነበር፤ አንዱም አልቀረም። ነገር ግን በመካከሉ አንድ የማላውቀው ነገር ሽቅብ እየገፋኝ ነበር፤ ቆሜ ልለየው ሞከርኩ፤ ነገ ምን እንደሚሆን ለማየት መጓጓት ነው።